በባሮ ዳር የተዘራው ወንጌል፦ እምነትና ሥራ በጋምቤላ



በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጊዜያችን ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰው የሚድነው በእምነት ነው ወይስ በሥራ? ይህን የሚጠይቁን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከኦርቶዶክስ ጎረቤቱ ጋር ሲከራከር አምሽቶ የመጣ ወጣት ነው፤ የሚፈልገው ጎረቤቱን ዝም የሚያሰኝ ጥቅስ ነው። ሌላዋ ታማ አልጋ ላይ የዋለች እናት ናት፤ «ለጌታ ይህን ሠራሁ የምለው ነገር የለኝም፤ ይቀበለኝ ይሆን?» ትለናለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ጭንቀቱ ግን ለየቅል ነው። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ለማግኘት በመጀመሪያ ወንጌል ወደ ጋምቤላ ምድር የመጣበትን መንገድ ብናስታውስ ይጠቅመናል።

ጨውና ቡና በተመላለሱበት መንገድ

ጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችው በንግድ ምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ጨውና ጨርቅ ጭነው ይመጡ ነበር፤ ሲመለሱ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭናሉ። ጣቢያው ተመልሶ በኢትዮጵያ እጅ የገባው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ነው።

ወንጌልም በዚሁ መንገድ መጣ። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገሩን ካጠቃ በኋላ፣ በሱዳን ያገለግል የነበረው አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 በጋምቤላ በኩል አልፎ ወደ ሰዮ፣ ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ወጣ። የተፈለገው ለሕክምናው ነበር፤ እርሱ ግን መድኃኒቱንም ወንጌሉንም ይዞ ሄደ።

በደምቢ ዶሎ ከተገኙት የመጀመሪያ ፍሬዎች አንዱ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው። በልጅነታቸው በፈንጣጣ ሁለት ዓይናቸውን አጥተው በልመና ይኖሩ ነበር። የሚሲዮኑ ሕክምና ዓይናቸውን አልመለሰላቸውም። የሰሙት ወንጌል ግን ከልመና ወደ ስብከት አወጣቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያኑ አገር ለቀው ሲወጡ፣ እኚህ ዓይነ ስውር ሰው ከቄስ ማሞ ጮርቃ ጋር ሆነው ምእመናኑን ጠበቁ፤ የነጮቹ መሄድ ያጠፋታል የተባለችው ቤተ ክርስቲያንም በዝታ ተገኘች። ከዚህ ሥራ ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ወጣች።

ከዚያም በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዶን ማክሉር የተባለው የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናዊ፣ በሱዳን አኮቦ በአኝዋኮች መካከል ያገለግል የነበረው፣ ድንበሩን ተሻግሮ በባሮ ዳር ፖክዎ በምትባል ቦታ ሰፈረ። በፖክዎ የስብከቱ ቦታ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱና እርሻው ጎን ለጎን ነበሩ። ማክሉር በእርጅናው ወደ ኦጋዴን ወርዶ ሲያገለግል መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ በታጣቂዎች ተገደለ።

ሊከፈል የማይገባው ተከፈለ

በአንድ ግቢ ቃሉም መርፌውም ሲሰጥ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊበቅል ይችላል። አንዱ ሕክምናውን ሰው ማጥመጃ አድርጎ ማየት ነው፤ በሽተኛው በእምነት ካልመጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የቀረ ይመስለናል። ሁለተኛው ደግሞ «ክሊኒኩ ካለ ስብከቱ ምን ይሠራል?» ማለት ነው።

ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በውጭ አገር ረጂ ድርጅቶች ዘንድ በረታ። ለትምህርት ቤት፣ ለውኃ ጉድጓድ፣ ለጤና ጣቢያ ገንዘብ ይገኛል፤ ለወንጌላዊ ደመወዝና ለጸሎት ቤት ሲጠየቅ ግን እጅ ይሰበሰባል። በዚህ ጊዜ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የታወቀውን ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሰው አንድ ነው፤ ሥጋውን ለእርዳታ ድርጅት፣ ነፍሱን ለሰባኪ ከፍላችሁ አትስጡት። የውስጥ ሰውነቱ ካልተለወጠ ልማቱም ሥር አይሰድድም።

ይህን ያሉት ሰው አገልግሎትን በወሬ የሚያውቁ አልነበሩም። ቄስ ጉዲና በወጣትነታቸው በነቀምቴ ሆስፒታል ቁስል ያጥቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ቤቴል ከመካነ ኢየሱስ ጋር ስትዋሐድ የጋምቤላ ምእመናንም የዚህ አደራ ተካፋዮች ሆኑ። በደርግ ዘመን ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ መንጋቸውን ትተው ለመሄድ እንቢ አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። መዳናቸውን በሞታቸው ሊገዙ አልነበረም፤ የዳነ ሰው ለራሱ እንደማይኖር ያመኑ ሰው ነበሩ።

ጳውሎስና ያዕቆብ

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። ጳውሎስ በሮሜ 3፡28 ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንደሚጸድቅ ያስተምራል። ማርቲን ሉተር አዲስ ኪዳንን በ1522 ወደ ጀርመንኛ ሲመልስ በዚህ ጥቅስ ላይ «ብቻ» የሚለውን ቃል ጨመረ፤ አሳቡን ለማጉላት እንጂ ለመለወጥ እንዳልሆነ ተሟገተ። እውነቱን እንናገር ካልን ግን «በእምነት ብቻ» የሚለው አነጋገር በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘው በያዕቆብ 2፡24 ነው፤ ያውም ሰው በእምነት ብቻ አይጸድቅም ለማለት። ጎረቤቶቻችን ይህን ጥቅስ ሲያነሡብን ፊታችንን ልናዞር አይገባም። ሉተር ራሱ የያዕቆብን መልእክት ከገለባ እስከ መቍጠር ደርሶ ነበር፤ በዚህ እንድንከተለው አንገደድም።

ሁለቱ ሐዋርያት አብርሃምን ምስክር አድርገው ይጠራሉ፤ የሚጠሩት ግን ከተለያየ ምዕራፍ ነው። ጳውሎስ የሚጠቅሰው ዘፍጥረት 15ን ነው፦ አብርሃም ገና ልጅ ሳይወልድ፣ ሳይገረዝ፣ ከዋክብትን ቀና ብሎ አይቶ እግዚአብሔርን አመነ፤ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት። ያዕቆብ ደግሞ ዘፍጥረት 22ን ያነሣል፦ ያው አብርሃም ከብዙ ዓመታት በኋላ ይስሐቅን ይዞ ወደ ተራራ ሲወጣ። ጳውሎስ «በእግዚአብሔር ፊት በምን እቆማለሁ?» ለሚለው ይመልሳል። ያዕቆብ «አምናለሁ» እያለ የተራበ ወንድሙን በባዶ እጁ የሚሸኘውን ይገሥጻል። ኤፌሶን 2፡8-10 ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይዟል፦ የዳንነው በሥራ አይደለም፤ የተፈጠርነው ግን ለመልካም ሥራ ነው።

በዚህ ጉዳይ የምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት ለዘመናት ተወጋግዘዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በጀርመን አውግስቡርግ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ ብቃት ሳይሆን በጸጋ እንደሆነ፣ ይኸው ጸጋም ለመልካም ሥራ እንደሚያስነሣው በጋራ ፈረሙ። ልዩነቱ ሁሉ አልተዘጋም፤ ቢሆንም በጥቅስ መወራወር ብቻ መንገድ እንዳልሆነ አይተንበታል።

የእኛ ፈተና

ወገኖች፣ የያዕቆብ ጥያቄ ከጎረቤት ሳይሆን ከራሳችን ታሪክ ይመጣብናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከጋምቤላ ክልል ነዋሪ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ይህን ቍጥር በደስታ እንጠቅሳለን። ነገር ግን ከቆጠራው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት፣ በጋምቤላ ከተማ በመቶዎች የሚቈጠሩ አኝዋኮች ተገደሉ፤ ቤቶች ተቃጠሉ። በጥር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በአኝዋክና በኑዌር መካከል ደም ፈሰሰ። ሁለቱም ሕዝቦች የጌታን ስም በየቋንቋቸው ይዘምራሉ። በየሰፈራችን እሑድ እጃችንን ወደ ሰማይ ያነሣን ሰዎች፣ ሰኞ ጎረቤታችን ሲሳደድ የት ነበርን? እምነታችን ትክክል መሆኑን ስንከራከር ወንድማችን ከደጃችን ተወስዶ ከሆነ፣ ያዕቆብ «ሙት» ያለው እምነት የሌላ ሰው እምነት አይደለም።

በዚያው ምድር ሌላም ነገር አይተናል። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ከ300,000 በላይ ሰዎች ክልሉ ውስጥ ተጠልለዋል፤ ይህ በቆጠራው ከተመዘገበው የክልሉ ሕዝብ ጋር የሚተካከል ቍጥር ነው። ከመሸጉት መካከል ብዙዎቹ ከመጠለያው አስቀድሞ ያቆሙት የጸሎት ጥላ ነበር። እንግዳ የሚቀበልና የሚያለቅስን የሚያጽናና ምእመንም አልጠፋም። እምነት በሥራ ሲታይ ይህን ይመስላል።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት የምንለው ይህን ነው፦ ልጃችን፣ ጥቅሱን እንሰጥሃለን፤ ዳሩ ግን ጎረቤትህ ሲታመም ውኃ ቅዳለት፣ ሲያዝን ለቅሶ ድረስ። ቤቱ ሲከበብም ደጅህን ክፈትለት። ያን ጊዜ እምነትህን ሳትነግረው ያነብበዋል።

አልጋ ላይ ላለችው እናት ግን ያዕቆብን አንከፍትም። እማማ፣ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ አንድም በጎ ሥራ ለመሥራት ጊዜ አልነበረውም፤ እጁም እግሩም ተቸንክሮ ነበር። «አስበኝ» አለ፤ ገባም። አንቺም ባዶ እጅሽን ዘርጊ፤ የሚሞላው እርሱ ነው።

ጌታ ሆይ፣ በሥራችን ከመመካት፣ በእምነታችን ስምም ከመተኛት አድነን። በባሮ ዳር የተዘራው ቃልህ የሰላም ፍሬ ያፍራ። አሜን።