በጋጣው ጠብ ላይ የተሰጠ ፍርድ

የአሜሪካዊው የፈረስ አሠልጣኝ የማይክል ባሪሶን ክስ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረው ከጋጣው ነው። «አስመርረውታል» የሚል አለ፤ «ቢያስመርሩትስ በጥይት ይመታሉ?» የሚልም አለ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚሟገቱት የፍርዱ መሠረት ባልሆነ ነገር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሪሶን ድሬሳዥ በሚባለው፣ ፈረስን በልክና በሥርዓት በማስረገጥ ስፖርት ስም ያተረፈ ሰው ነበር፤ በቀድሞው ማዕረጋችን እንጥራው ብንል ባልደራስ። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ የቤይጂንግ ኦሎምፒክ የአገሩ ቡድን ተጠባባቂ ነበር። በኒው ጀርዚ ወደሚገኘው የማሠልጠኛ ግቢው አንዲት ተማሪ ፈረሶቿን ይዛ ገባች፤ ከእጮኛዋም ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው ቤት ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ስምምነቱ ፈረሰ። እሱ ውጡልኝ አለ፤ እነሱ አልወጡም። የጋጣ ጠብ ደግሞ ክፉ ነው። ፈረስ የሰው ኩርፊያ አያውቅም፤ ጧት ማታ መኖ ይፈልጋል፣ ጋጣው ይጠረጋል፣ ይታሻል። የተጣሉ ሰዎች ሳይነጋገሩ በየማለዳው እዚያው ይገናኛሉ። የፌስቡክ ዘለፋ፣ በስውር የተቀዳ ድምፅ፣ ፖሊስ መጥራት ተከታተለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2019 ባሪሶን ሽጉጥ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሴትዮዋን ሁለት ጊዜ ደረቷ ላይ መታት። በሕይወት ተረፈች፤ በኋላም ችሎት ፊት ቆማ መሰከረች።

እ.ኤ.አ. በ2022 ጉዳዩ ሲሰማ የመከላከያው ዋና ምሰሶ የተከሳሹ አእምሮ ነበር። የመከላከያው ሐኪም ታሞ ነበር አለ፤ የዐቃቤ ሕግ ባለሙያ አልተቀበለውም። ጁሪው በሴትዮዋ ላይ ስለ ተፈጸመው ተኩስ በአእምሮ መታወክ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አለ።

ይህ ፍርድ አያቱ ለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1843 ዳንኤል ማክናተን የተባለ ስኮትላንዳዊ እንጨት ሠራተኛ የጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራመንድን ተኩሶ ገደለ። የተኮሰው ፒል መስሎት ነበር። ገዢው ፓርቲ በየደረሰበት እየተከታተለ የሚያሳድደው ይመስለው ነበር። በአእምሮ መታወክ ነፃ ሲባል አገሩ ተቆጣ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ተቆጣች። የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞቹን ጠርቶ ጠየቀ፤ መልሳቸውም ሕግ ሆነ። ድርጊቱን ሲፈጽም ምን እያደረገ እንደ ሆነ ወይም ያደረገው ክፉ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። ኒው ጀርዚ እስከ ዛሬ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ማን ኪራይ አልከፈለም፣ ማን ማንን ሰደበ የሚለው እዚህ ውስጥ የለም። ቂም ለበሽታው ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ለጥይቱ ግን ፈቃድ አይሆንም።

«ነፃ ወጣ» የሚሉትም ቸኩለዋል። ማክናተን ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በእብዶች ማኖሪያ ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ1865 እዚያው ሞተ። ባሪሶንም ከችሎት የሄደው ወደ ተዘጋ የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ከሆስፒታል የወጣው ሁኔታው በፍርድ ቤት እየታየ ከቆየ በኋላ ነው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ክሮል በተባለው ክስ እንደ ወሰነው፣ ሰው ስለ ትናንቱ ድርጊት ብቻ ተብሎ አይዘጋበትም፤ ዛሬ አደገኛ መሆኑ በየጊዜው መታየት አለበት።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የማክናተን ጥያቄ እኩሌታ የለውም፤ ወይ ታውቃለህ ወይ አታውቅም። በወራት ጠብ ግማሽ አእምሮው የተናወጠ ሰው የት ይግባ? ስዊዛዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 49፣ የ1996ቱም በዚያው ቁጥር፣ ኃላፊነቱ ከፊል ለሆነ ሰው ቅጣት የሚቀልበትን መንገድ አበጅተዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ለጋጣው ሰው ይበልጥ የሚቀርብ መለኪያ ነበር። ለሴትዮዋም ቢሆን፣ ደረቷ ላይ ስለ ደረሰው ጥይት አንድ ጥፋተኛ ስም የሚጠራ ፍርድ ይኖር ነበር።