ኳሱና መምቻው፤ ስለ ስሕተት ማረም አጭር ታሪክ

የአንድ ነገር ታሪክ ሲጻፍ ማን እንደ ጀመረውና መቼ እንደ ተጀመረ በሰፊው ይነገራል። ከተጀመረ በኋላ አልሠራ ሲል ማን ተቀምጦ እንዳቃናው ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን የተዘነጋውን ክፍል ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም ከኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሁሉ ቀላል የሚባለውን፥ በሁለት መምቻና በአንድ ኳስ ብቻ የሚከናወነውን ጨዋታ ነው።

ከጂንካ ወደ ኮንሶ የሚወስደው መንገድ ቀይ አፈር ሲደርስ ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ወይጦ፥ ሁለተኛው ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ ያመራል። ስሟ እንደሚነግረን አፈሯ ቀይ በሆነው በዚህች ከተማ፥ ሐሙስ ሐሙስ የበናና የፀማይ፥ የሐመርና የአሪ ሰዎች ማራቸውን፥ ማሽላቸውንና ፍየላቸውን ይዘው ለገበያ ይገናኛሉ። ከመንገዱ መለያያ የደረሰ እንግዳ፥ «ወደ ቱርሚ እንደ ሆነ በዚህ፥ ወደ ወይጦ እንደ ሆነ በዚያ ሂድ» ተብሎ ይመራል። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፥ እንዲህ ካልሆነ ያን አድርግ እያለ ማሽኑን የሚመራ የትእዛዝ ዝርዝር ነው።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ለሚማር ለአንድ ተማሪ መምህሩ፥ «የኳስና የመምቻ ጨዋታ ሠርተህ አምጣ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡት እንበል። ተማሪው ትእዛዙን ጻፈ፤ ኳሱም ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን ኳሱ ከመምቻው ሲደርስ በመንጠር ፈንታ፥ መምቻው እንደ ሌለ ሁሉ አልፎት ሄደ። ተማሪው ደነገጠ፤ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርሁም» ብሎም ተስፋ ቈረጠ። የእርሱን ነገር ለጊዜው እዚህ ላይ እናቁመውና ከእርሱ አስቀድሞ በዚሁ ጨዋታ የደከሙትን ሰዎች እንመልከት።

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በብሩክሄቨን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ዊልያም ሂጊንቦተም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ላቦራቶሪውን ሊጐበኝ የሚመጣው ሕዝብ ቆሞ ከማየት አልፎ በእጁ የሚሞክረው ነገር እንዲያገኝ አሰበ። የኮምፒዩተሩ መመሪያ መጽሐፍ የተወረወረ ነገር በአየር ላይ የሚሄድበት መንገድ እንዴት እንደሚሰላ ይገልጽ ስለ ነበር፥ ከዚያ ተነሥቶ ኦሲሎስኮፕ በሚባለው የመለኪያ መሣሪያ ትንሽ መስተዋት ላይ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ቴኒስ አዘጋጀ። ጨዋታው ጥቅምት 8 ቀን 1951 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958) ለሕዝብ ታየ፤ ጐብኝውም ለመጫወት ተራ ይዞ ተሰለፈ። ልብ ልንለው የሚገባን ግን የጊዜው ነገር ነው። ሂጊንቦተም ንድፉን ያወጣው በሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ሮበርት ድቮራክ ከሚባለው ቴክኒሽያን ጋር ሆኖ መሣሪያውን ገጣጥሞና ስሕተቱን አርሞ በትክክል እስኪሠራ ድረስ ግን ሳምንታት ፈጅቶበታል። ሊቅ የተባለው ሰው እንኳ ሐሳቡን በሰዓታት አግኝቶ በሳምንታት ካቃናው፥ ጀማሪው ተማሪ በአንድ ቀን ስላልተሳካለት የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በመሣሪያ ወይም በፕሮግራም ውስጥ የተሸሸገውን ስሕተት «ባግ» ይሉታል፤ ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው። ቃሉ በዚህ ፍች የቈየ ነው፤ ቶማስ ኤዲሰን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1878 በደብዳቤው ተጠቅሞበታል። ጳጕሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1947) ግን ቃሉና ነገሩ በአንድ ላይ ተገናኙ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ ሁለት» የተባለው ኮምፒዩተር እንከን ገጥሞት ሠራተኞቹ ሲመረምሩት፥ የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ በሆነ በአንዱ ሪሌ ውስጥ የእሳት ራት ገብታ አገኙ። እነርሱም አውጥተው አልጣሏትም። በዕለት መዝገባቸው ላይ ለጥፈው፥ ሰዓቱን ጽፈው፥ እውነተኛ ነፍሳት የተገኘበት የመጀመሪያው ጊዜ መሆኑን በፈገግታ አሰፈሩ። መዝገቡም በአሜሪካ በስሚትሶንያን ቤተ መዘክር ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። እነዚህ ሠራተኞች ስሕተቱን ቢደብቁት ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ባልኖረም ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1972 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በካሊፎርኒያ የሆነው ነገር ወደ ተማሪያችን ጉዳይ ይበልጥ ያቀርበናል። ኖላን ቡሽኔል የአታሪ ኩባንያን ከባልንጀራው ጋር ባቋቋመበት ወራት አላን አልኮርን የሚባል ወጣት መሐንዲስ ቀጠረ። እጁን እንዲያፍታታም የኳስና የመምቻ ጨዋታ እንዲሠራ አዘዘው፤ ሥራው ለልምምድ ብቻ የታሰበ መሆኑን ግን አልነገረውም። ስለዚህ «ፖንግ» ተብሎ በዓለም የታወቀው ጨዋታ አጀማመሩ ከቤት ሥራ የተለየ አልነበረም። ሐሳቡም ከባዶ አልመነጨም። ራልፍ ቤር የፈለሰፈውን፥ በማግናቮክስ ኩባንያ የወጣውን መጫወቻ ቡሽኔል አስቀድሞ አይቶት ስለ ነበር ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1976 በስምምነት አልቋል።

የአልኮርን መሣሪያ የተጻፈ ፕሮግራም አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር በኤሌክትሪክ ሰርኪት የተሠራ ነበር። አልኮርን መምቻውን በስምንት ክፍል ከፈለው፤ መካከሉን የመታው ኳስ ቀጥ ብሎ ሲመለስ፥ ዳሩን የመታው ወደ ጐን ሰያፍ ይሄዳል። በሰርኪቱ ጕድለት ምክንያት ግን መምቻው እስከ መስተዋቱ የላይኛው ጫፍ አይደርስም ነበር። አልኮርን ነገሩን መርምሮ እንዳለ ተወው። ክፍተቱ ባይኖር ኖሮ ጐበዝ ተጫዋቾች ጨዋታውን ያለ ማብቂያ ባራዘሙት ነበርና። በሰኒቬል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ለሙከራ የተተከለው መሣሪያ ደግሞ በድንገት ሥራውን አቆመ። አልኮርን ሄዶ ከፍቶ ሲያየው ሰርኪቱ ደኅና ነበር፤ የሳንቲሙ ማጠራቀሚያ ከመጠን በላይ ሞልቶ መሣሪያውን አግዶት ኖሯል። ስሕተት ሁልጊዜ በተጠረጠረበት ቦታ እንደማይገኝ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አሁን ወደ ቀይ አፈሩ ተማሪ እንመለስ። የእርሱ መምቻ ከ640ኛው ነጥብ እስከ 650ኛው ነጥብ ቆሟል፤ ኳሱም በእያንዳንዱ እርምጃ 15 ነጥብ ይራመዳል እንበል። ተማሪው ማሽኑን ከመውቀስ ይልቅ ደብተሩን ገልጦ ኳሱ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች ቢጽፍ 621፥ 636፥ 651 የሚሉትን ቁጥሮች ያገኛል። እንግዲህ ኳሱ መምቻውን ዘሎት ሄዷል እንጂ ከቶ አልነካውም። ማሽኑ፥ «ኳሱ በመምቻው ላይ ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይደለም» ማለቱ ትክክል ነበር። መጠየቅ የነበረበት፥ «ኳሱ ከነበረበት እስከ ደረሰበት ባለው መካከል መምቻው አለን?» ተብሎ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኳሱ ከመምቻው ላይ ተጣብቆ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ይህም የሚሆነው ኳሱ ከመምቻው ሳይወጣ «ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ እየተደጋገመ ወዲያና ወዲህ ስለሚያላጋው ነው። ወደ መምቻው ሲመጣ ብቻ እንዲመለስ ቢታዘዝ ነገሩ ይቃናል። ማሽን የታዘዘውን እንጂ የታሰበለትን አይሠራም፤ ስለዚህ ስሕተትን ማረም የገዛ ራስን አሳብ መልሶ መመርመር ነው።

ይህ ልማድ ለእኛ አዲስ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን የተሳሳተውን ይፍቁ፥ የዘለሉትን ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ ይጨምሩ ነበር፤ እርማቱም ለአንባቢ እየታየ ይኖራል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። መታረም የመማር መንገድ ነበር እንጂ የስንፍና ምልክት አልነበረም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን የታቀደው መርሐ ግብር ይፋ ሆኗል። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ነገር ግን በክፍል ውስጥ ነጥብ የሚሰጠው ለተሳካው ፕሮግራም ብቻ ከሆነ፥ ተማሪው የጓደኛውን ገልብጦ ማምጣቱ አይቀርም። የተገለበጠው ኳስ በትክክል ይነጥራል፤ ገልባጩ ግን አንዳች ነገር አልተማረም። ኳሱ ያልነጠረለት፥ ሆኖም ምክንያቱን ፍለጋ ሦስት ገጽ ቁጥር የጻፈው ተማሪ ደግሞ ባዶ ይሰጠዋል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም። መምህራን ከነጥቡ ከፊሉን ለእርማት መዝገቡ ቢሰጡ፥ በዚያም ተማሪው ምን እንደ ጠረጠረ፥ ምን እንደ ለወጠና ምን እንዳገኘ ቢያሰፍር መልካም ነው። የትምህርት ኀላፊዎችም ለየትምህርት ቤቱ የታደለውን ኮምፒዩተር ብዛት ሲቈጥሩ፥ ተማሪው ከማሽኑ ፊት የሚቀመጥበትን ሰዓት አብረው ሊቈጥሩ ይገባል። የሁለት ሰዓት ሐሳብ የሳምንታት እርማት ይፈልጋልና።

ኮምፒዩተሩ ለብዙ ተማሪዎች አንድ ሲሆን፥ መብራትም ሲጠፋ፥ ደብተርና እርሳስ አይጠፉም። 621፥ 636፥ 651 ብሎ ለመጻፍ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ያ ተስፋ የቈረጠው ተማሪ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በገዛ እጁ ጽፎ መምቻው በመካከላቸው መቅረቱን ባየ ጊዜ፥ ኳሱ ገና ሳይነጥር ትምህርቱ ገብቶታል ብለን እናምናለን።