የእብነ በረድ ቀለም መለወጥ (በመታጠቢያ ቤት)

በእጅ መታጠቢያ ሳህን ዙሪያ የሚነጠፍ እብነ በረድ መልኩን የሚቀይረው በሁለት ምክንያት ነው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ድንጋዩ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም አሲድነት ያለው የሽንት ቤት ማጽጃ ሲያርፍበት ገጹ ይበላል። የሚቀረው የደበዘዘ ምልክት እድፍ ስላልሆነ ቢፈትጉት አይለቅም፤ ቦታው እንደገና መሞረድና መወልወል አለበት። ብዙ ሰው ግን እዚሁ ላይ ተጨማሪ አሲድ ያፈስና ጉዳቱን ያሰፋዋል።

ሌላው ወደ ውስጥ የሰረገ እድፍ ነው። የቅባት ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አወፍሮ መለጠፍ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ለ24 ሰዓት ያህል መተው ይስበዋል። ለሂና 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይጨመርበታል፤ ጥቁር ድንጋይን ግን ሊያነጣ ይችላል። የምላጭ ዝገት ከሁሉም ግትር ነው። የትኛውንም እድፍ ለማስለቀቅ ግን በረኪናና ኮምጣጤ አይቀላቀሉም፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።