ሽማግሌውና ርስቱ፦ ስለ ቤተ ዘመድ ዳኝነት

የቤተ ሰብ ተግባር ሲነሣ ልጅን ማሳደግ፣ በሽተኛን ማስታመምና አረጋውያንን መጦር በቅድሚያ ይታሰባል። በሰሜን ኢትዮጵያ ግን ቤተ ዘመድ ከእነዚህ ሌላ ሁለት ከባድ ሥራዎች ነበሩት፤ እነርሱም መሬት ማካፈልና መዳኘት ናቸው። ሁለቱ ሥራዎች ምን ያህል የተሳሰሩ እንደ ነበሩ ካልተመረመረ፣ የሽማግሌው ዳኝነት ኋላ የደከመበት ምክንያት በሚገባ አይገለጽም።

በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚገኘው በትውልድ ቆጠራ ነበር። ከአቅኚው አባት መወለዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ ወገን ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻውን ለመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የርስት ተካፋይ ነበረች፤ እርግጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ መሬቱን አርሶ የሚጠቀምበት ወንድሟ ወይም ባሏ ነበር። በሰማንያ ጋብቻም የሁለቱ ወገን ወላጆች የሚሰጡትን ከብትና ጥሪት በሽማግሌ ፊት እየገመቱ ያስተካክሉ ነበር። ትዳሩ ቢፈርስ ሴቲቱ ጥሪቷን ተካፍላ ወደ ወላጆቿ ርስት ትመለሳለች። ሽማግሌው «ታረቁ» ሲል ወይም ንብረት ሲያካፍል ቃሉ የሚከበረው ስለ ሽበቱ ብቻ አልነበረም። ነገ የርስት ክርክር በተነሣ ጊዜ ትውልድ ቆጥሮ የሚመሰክረው ያው ሰው ስለ ነበረ ጭምር ነው።

በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ይሠራበት የነበረውን ልማድ በአንቀጽ 3347 ሻረ። የሚያስገርመው ግን ልማዱን የሻረው ሕግ የልማዱን ዳኛ እንዳለ መያዙ ነው። የባልና የሚስት ጠብና ፍቺ ለጋብቻው ምስክሮች፣ ማለትም ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ተሰጠ፤ ለፍርድ ቤት የቀረለት ጋብቻው መፈጸሙንና የጸና መሆኑን መወሰን፣ እንዲሁም በተወሰኑ ምክንያቶች የሽማግሌዎቹን ውሳኔ መመርመር ነበር። ያው ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ፣ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ወስኖ ነበር።

በባላገር ሽማግሌው ከርስቱ ጋር ስለ ኖረ ሥራው ብዙም አልተናጋም። በከተማ ግን ምስክሮቹ ተበታትነው ስለሚገኙ፣ ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ሰው ያቀርቡ ነበር። የተመረጠውም ሰው ዳኛ መሆኑን ረስቶ እንደ ጠበቃ መከራከሩ የተለመደ ሆነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በቤተ ሰብ ሕግ በኩል አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። መሬት ማደልና የመሬትን ክርክር መስማት ከቤተ ዘመድ ወጥቶ ለገበሬ ማኅበርና ለፍርድ ሸንጎው ሆነ። አዋጁ በጾታ ልዩነት እንዳይደረግ ቢያዝም፣ መሬት የሚታደለው በቤተ ሰብ ስለ ነበር በመዝገብ የሚጻፈው በአብዛኛው የባል ስም ነበር። ጭሰኛን ነጻ ያወጣ አዋጅ፣ የተፈታችን ሴት ከወላጆቿ ርስት ለይቶ መመለሻ አሳጣት። ሽማግሌውም ምክሩ ቀረለት እንጂ ቃሉን የሚያስከብርበት ነገር ከእጁ ወጣ።

የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ሲወጣ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ለሽማግሌዎች የተወላቸው ማስታረቅ ነው። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፤ የጋራ ንብረትንም ባልና ሚስት በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ተደነገገ። ይህ ሕግ የሚጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። ይሁን እንጂ ለገጠሯ ሴት የፍቺ ዳኛ መለወጥ ብቻውን መሬት አላስገኘላትም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው፤ ያን ጊዜ የሚስት ስም ከባል ስም ጎን ተጻፈ፣ ፎቶግራፏም ከፎቶግራፉ አጠገብ ተለጠፈ።