ቢሲኖሲስ፦ የክር ፈታዮች ሕመምና የግሪክ ስሙ

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ሥራ ታስቦ ነበር። ከገቡት ፋብሪካዎች መካከል የተልባ እግር ክር የሚፈትል አለ። የተልባ እግር በተፈተለባቸው ብዙ አገሮች አንድ የደረት ሕመም አብሮ ተመዝግቧል፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል።

የስሙ ሥር ራሱ የተልባ እግር ነው። የጥንት ግሪኮች ስሱን ጨርቅ «ቢሶስ» ይሉት ነበር፤ ሄሮዶቱስም ግብፃውያን ሬሳ የሚገንዙበትን ጨርቅ የገለጸው በዚሁ ቃል ነው። ግሪኮች ቃሉን የወሰዱት ከሴማውያን ሲሆን በዕብራይስጥ «ቡጽ» ይባላል። «ቢሲኖስ» ከቢሶስ የተሠራ ማለት ነው፤ «ኦሲስ» የሚለው መድረሻ ደግሞ በሕክምና ቋንቋ ሕመምን ያመለክታል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለት ኤስ ይደራረባል፣ የመጀመሪያው አናባቢም ዋይ ነው። የእኛ ፊደል መጥበቅን ስለማያሳይ አንድ «ሲ» ይበቃናል። ከድንጋይ ብናኝ ከሚመጣው ሲሊኮሲስ ጋር ግን መምታታት የለበትም።

ሕመሙ ከስሙ በፊት ይታወቅ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ የተልባ እግርና የቃጫ አበጣሪዎችን ሳል ገልጿል። ስሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1877 ፈረንሳዊው አድሪየን ፕሩስት ነው፤ የደራሲው ማርሴል ፕሩስት አባት። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በአስም ሲሠቃይ የኖረ ነውና ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ስሙ የምሁራን ነው፤ ሕመሙን ስለሚያመጣው የተልባ እግርና የጥጥ ብናኝም ሆነ ስለሚብስበት ቀን ግን አንዳች አይናገርም። ቀኑን የያዙት ሠራተኞቹ ናቸው፤ የእንግሊዝ ጥጥ ፈታዮች «የሰኞ ትኩሳት» ይሉት ነበር። እሑድ ያረፈ ሰው ሰኞ ሥራ ሲገባ ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማክሰኞ ቀለል ይለዋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ሕመሙ ወደ ቀሪዎቹ ቀናት ይዘልቃል፤ በመጨረሻም ሳንባው ሳይድን ይቀራል። ዋናው ተጠርጣሪ በጥጥና በተልባ እግር ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ ነው። ስለዚህ የሚከፋው ጥጡ ተፈትቶ በሚናፈስበትና በሚበጠርበት መጀመሪያው ክፍል ነው። ባለቀ ጨርቅ ላይ የሚሰፋ ሠራተኛ አደጋው እጅግ ያነሰ ነው።

እኛም ዘንድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ ጥጥ ከሚያናፍሱት ሠራተኞች 43.2 በመቶው፣ ከሚያበጥሩት 37.5 በመቶው ቢሲኖሲስ ነበረባቸው። ይህን የሚያህል ቁጥር እያለ ቃሉ ከሐኪም ቤት ካርድ ርቆ መቆየቱ ያስቆጫል። የሚያስል ሠራተኛ በቅድሚያ ለሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል፤ ተገቢ ነው። ምርመራው ነጻ ሲያወጣው ግን አስም ወይም ብሮንካይት ተብሎ መድኃኒት ይዞ ወደዚያው ብናኝ ይመለሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ የሥራ ላይ ጉዳት አድርጎ ይቆጥራል። ካርዱ ላይ ግን ሥራው ከሕመሙ ጋር ካልተያያዘ ሠራተኛው በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

ማስረጃውን ለማግኘት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ፈረቃው ሲያልቅ ትንፋሽን በመለኪያ ማስነፋት፣ ቅናሹን መዝግቦ መያዝ፤ ከዚያም «በየትኛው ክፍል ትሠራለህ? ሕመሙ የሚብስብህ በየትኛው ቀን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።