ጩኸቱ ከሬዲዮው ነው ወይስ ከውጭ?

የቫልቭ ሬዲዮ እንደተከፈተ አይናገርም። የመስታወት ቫልቮቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ የግድ ነው። በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በሆለታ፣ ይህ ሬዲዮ የነበረው ሰው ዜና ለመስማት በዝምታ መጠበቅን ያውቃል።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ማሰራጫውም መቀበያውም በቫልቭ የሚሠራ ነበር። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ተመረቀ። በ1957 ዓ.ም ደግሞ የጀርመን ድምፅ አማርኛ ከኮሎኝ መሰማት ጀመረ። የሚሰማው በዛ፤ ጩኸቱም አብሮ በዛ።

ጩኸት ሲመጣ ጠጋኝ መጀመሪያ የሚያሠራው ጆሮውን ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ይቀንሳል። እምም የሚለው ድምፅ ካልጠፋ ችግሩ ከድምፅ መቀነሻው ወዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተር አርጅቷል ማለት ነው። ከጠፋ ግን ከዚያ በፊት ያሉትን ክፍሎች ይፈትሻል። ቫልቮቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርጋል፤ የላላው ወይም የደከመው ይንኳኳል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ እጁን ወደኋላ ይይዛል፤ ውስጡ 250 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ፣ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሩ ኃይል ይዞ ይቆያል።

ከዚያ አንቴናውን ይነቅላል። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ ከአየር የመጣ ነው። መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ጩኸቱ አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከጠበቀው፣ ሆን ብሎ ያስቀመጠው ሰው ሊኖር ይችላል።

ቫልቭ በትራንዚስተር ቢተካም ይህች ፈተና አላረጀችም። መጋቢት 2002 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ የማፈኑ ዝግጅት ከተጠናቀቀ ትእዛዙን እንደሚሰጡ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። መርፌውን ወዲያና ወዲህ ያለ አድማጭ የገዛ ሬዲዮውን አይወቅስም ነበር።

አሁን ወደ አምቦ እንመለስ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ምሽት የከተማዋ ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ሰኔ 25 አምቦ ላይ ሲቀበርም አልተመለሰም፤ መቋረጡ ለሳምንታት ዘለቀ። በየሰዉ እጅ የነበረው ስልክ አልተበላሸም፤ ባትሪው ሙሉ ነው፣ መስታወቱ ይበራል። የሚነቀል አንቴና፣ የሚዞር መርፌ፣ የሚሸት የተቃጠለ ሽቦ ግን የለም። ጠጋኝም የሚከፍተው ነገር አያገኝም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የታፈነ ሬዲዮ ቢያንስ ይጮሃል፤ አድማጩም ከጩኸቱ ጀርባ እጅ እንዳለ ያውቃል። የተቋረጠ ኔትወርክ ዝም ይላል፤ ብልሽት ይሁን ትእዛዝ ከዝምታው መለየት አይቻልም። ያኔ አገሪቱ በአንድ ኩባንያ መስመር ላይ ተንጠልጥላ ስለነበር ደግሞ ሌላ ጣቢያ ፍለጋ የሚዞር መርፌ አልነበረም።

ስለዚህ ጥያቄው ከጠጋኙ ወንበር ወደ ባለሥልጣኑ ወንበር መዞር አለበት። መስመር የሚቆርጥ አካል ማን እንደቆረጠ፣ በየትኛው ሕግ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ በግልጽ የመናገር ግዴታ ይኑርበት። ያን ጊዜ ሕዝቡ ዝምታው ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ጥገናውንም ከማን እንደሚጠይቅ አይጠፋውም።