ሰነድና ትዝታ

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄና ከእርሱ የተወለዱት ድርጅቶች ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በራሳቸው በተሳታፊዎቹ ነው። የኢሕአፓ አመራር አባል የነበሩት ክፍሉ ታደሰ የ«ያ ትውልድ»ን የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመኢሶኑ አንዳርጋቸው አሰግድ ደግሞ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ አበባ ላይ አወጡ። ሁለቱም ያለፉበትን ጻፉ፤ ሁለቱም ጓዶቻቸውን አጥተዋል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሰነድ እጦት ነው። በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ አንዲት በራሪ ወረቀት ሰው ታስገድል ነበር። ስለዚህ እናቶች የልጆቻቸውን ጽሑፍ በምድጃ አቃጠሉ፤ አንዳንዱም በጓሮ ተቀበረ። ማኅደር በጠፋበት ቦታ የሰው ትዝታ ተተካ። ትዝታ ግን ወገን አለው።

ይህን እኛም በገዛ ጥናታችን አይተነዋል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ አባት ከአብዮቱ በፊት እዚህ አሜሪካ ስለ ተካሄደ የተማሪዎች ጉባኤ ሲነግሩን፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ አሉን። በሳምንቱ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ያሉትን ሌላ አባት ብንጠይቅ፣ ጉባኤው በጭቅጭቅ እንደ ተበተነ ማሉልን። ሁለቱ በተማሪነት ባንድ ክፍል ያደሩ ነበሩ፤ ዛሬ ለቅሶ ቤት ቢገናኙ እንኳ ሰላምታ አይለዋወጡም። ጥፋቱ የእኛም ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል ለመላ ምታችን ስለ ተመቸ ምዕራፉን ጽፈን ጨርሰን ነበር።

በዚያው ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የተሻለውን መንገድ አሳይተዋል። ነባር ተሳታፊዎች ባንድነት ተቀምጠው እርስ በርስ እየተራረሙ እንዲመሰክሩ አደረጉ። ቃላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሐፍ ወጣ፤ በ2014 የታተመው የንቅናቄው ታሪካቸውም ምስክርነትን ከሰነድ ጋር ያመሳክራል። ሰው ብቻውን ሲጠየቅ የሚዘለውን፣ የሚያውቀው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ አይዘለውም።

ስለዚህ ሁለቱን አባቶች ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ ለምነናል። አንደኛው «እሺ» ብለዋል፤ ሌላኛው «እስቲ ልሰንብትበት» አሉ። ዕድሜ ግን አይጠብቅም፤ ምስክሮቹ በየዓመቱ እየተመናመኑ ነው።

አንባብያን ሆይ፣ በየቤታችሁ ሻንጣ ውስጥ የቀረውን ወረቀት አትጣሉ። የማይስማሙ ሁለት ቃሎች ብትሰሙ ሁለቱንም ጻፉ። የሚስማማንን ብቻ መርጠን ብንጽፍ፣ ከምድጃ የተረፈውን እኛው አቃጠልነው ማለት ነው።